መርፌው የሚዘላት ስንኝ

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ አምቦ ሄጄ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ያዘኝና አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ገብቼ ተጠለልኩ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ አላውቀውም፣ አያውቀኝም። በጣቃዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ስዘልቅ ግን የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆሜ የማስበው ስለ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ብቻ ነበር። ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል።

ስለዚያ ዓመት የማውቀውን እጽፋለሁ። ሰዎቹ የተናገሩትን ሁሉ ቃል በቃል ይዣለሁ አልልም። ምን ከምን ቀጥሎ እንደሆነ ግን አልስተውም።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጊዜው የደርግ ነው። ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ሰው ሁሉ ወደ ካሴት ዞሯል። ቤቱ ሸክላ የተረፈው ሰው ወይ ለልጆች መጫወቻ ይሰጠዋል፣ ወይ በፍም አለስልሶ፣ ጠርዙን አጥፎ የአበባ ማስቀመጫ ያደርገዋል። አምቦ ውስጥ ይህን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አባቴ መምህር ታደሰ ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ሁለተኛው ጋሽ ሸምሱ ነው፤ በጉርምስናው ከስልጤ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ የጨርቅ ነጋዴ። ሦስተኛው ኦቦ ቶሎሳ፣ የመንገድ ግሬደር ነጂ ነው።

ከሦስቱ ሸክላ የሚያገኘው ኦቦ ቶሎሳ ነበር። ከአምቦ ወደ ምዕራብ ያለውን የጠጠር መንገድ ሲደለድል በደረሰበት ከተማ ሁሉ የተዘጋ ቡና ቤት ይፈልጋል። በፊት በየቡና ቤቱ ሳንቲም ሲያጎርሱት የሚዘፍን ማሽን ነበር፤ ማሽኑ ተሰብሮ ሲጣል ሸክላዎቹ ጓዳ ይቀራሉ። ኦቦ ቶሎሳ እነሱን ለቅሞ፣ በሳር በተሞላ ጆንያ ውስጥ እንደ እንቁላል ደርድሮ፣ ከመቀመጫው ሥር ይዞ ይመጣል። መንገዱን ደልድሎ ሲጨርስ ግሬደሩ አይንጠውም፤ ስለዚህ ሸክላ የሚጭነው ሁልጊዜ ሲመለስ ነው።

«ስሄድ መንገዱን ለመንግሥት ነው የምደለድለው፤ ስመለስ ለሸክላ» ይል ነበር።

የሚሰበሰቡት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ደግሞ ከቀበሌ ስብሰባ ይመለሳሉ። ጋሽ ሸምሱ የሱቁን በር ከውስጥ ይቀረቅርና ወደ ጓዳ እንገባለን። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ ድረስ አቡጀዲ፣ ካኪና የሴቶች ሻሽ የተደረደረበት። መሃል ላይ፣ በተገለበጠ የሻይ ሳጥን ላይ፣ ሻንጣ የሚመስል ሸክላ ማጫወቻ አለ። ክንዱ ስለሚቀልል መርፌው እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ አሥር ሳንቲም በፕላስተር ተለጥፎበታል።

እኔ እዚያ ጓዳ የገባሁት አባቴ ብቻዬን ቤት ሊተወኝ ስላልፈለገ ነው። በሦስተኛው እሁድ ግን በራሴ ጆሮ ቦታ አገኘሁ።

አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ «ኮሽታ» ይሉታል። አንዱ ለሌሎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ሸክላ ይመርጥና ማጫወቻው ላይ ያስቀምጣል። መርፌው ካረፈ በኋላ ዘፈኑ እስኪጀምር ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የሚሰማው ኮሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ኮሽታ ሸክላውን መለየት አለባቸው። የዘፋኙን ስም መጥራት ዋጋ የለውም። ሸክላው ከየት ከተማና ከማን ቤት እንደመጣ ነው መናገር ያለባቸው። በእነሱ ዘንድ አንድ ዓይነት ሸክላ የሚባል ነገር አልነበረም። ከአንድ ቀን፣ ከአንድ ማሽን የወጡ ሁለት ሸክላዎች፣ አንዱ ጉደር አንዱ ጊንጪ አሥር ዓመት ከኖሩ፣ ሁለት ሰዎች ናቸው።

«የጉደሩ ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ» አለ ያን ዕለት አባቴ።

«ጉደር በየት በኩል! የጉደሩ መነሻው ላይ ሦስት ጊዜ ጠቅ ይላል። ይሄ ሁለቴ ነው ያለው» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ሁለት ያልከው ሦስተኛው ከዘፈኑ ጋር ስለሚገጥም ነው።»

«ወላሂ፣ መምህር፣ ጠመኔው ጆሮህ ገብቷል።»

እኔ ሻሽ ከተጠቀለለበት ጣቃ ላይ ተቀምጬ «የጊንጪው ነው፤ የልብስ ሰፊዋ» አልኩ።

መራጩ ኦቦ ቶሎሳ ነበር። ዞሮ አየኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ማን ነገረሽ?» አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው።

«ጊንጪ ነው የሚለው።»

እውነቴን ነበር። ኮሽታው ሸክላው የመጣበት ከተማ ዝናብ ይመስለኝ ነበር። ዘፋኙ ሲዘፍን ውጪ የሚዘንበው ዝናብ አብሮ የገባ። የጊንጪው ቀጭንና ፈጣን ነው፤ የጉደሩ ትልልቅ ጠብታ ነው። ለአባቴ ይህን በነገርኩት ጊዜ አልሳቀም፤ የዝናብ ስርጭት የሚያሳየውን ካርታ አውጥቶ በቁም ነገር «እስቲ ይመሳከር» አለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንደ እነሱ ተራ ነበረኝ፤ ስሳሳት እንደ እነሱ እሰደብ ነበር።

አንድ እሁድ የቀበሌ ጥበቃ በሩን አንኳኳ። ጠመንጃ ያነገተ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው። ጓዳው በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን።

«ከሦስት ሰው በላይ ሆናችሁ በር ዘግታችሁ ምን ትመክራላችሁ?»

«ሦስት ነን እኮ ጓድ፤ አራተኛዋ ልጅ ናት» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«እቆጠራለሁ» አልኩ። ተቆጥቼ ነበር።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ሸምሱ እንዲህ ላለ ቀን ከማጫወቻው አጠገብ የማይለያት የሰልፍ መዝሙር ሸክላ ነበረችው፤ እጁ ወደ እሷ ሲሄድ ኦቦ ቶሎሳ ግን አስቀድሞ መርፌውን በተጫነው ሸክላ ላይ አሳርፎት ነበር። ኮሽታው ወጣ። ጥበቃው አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይሄ… ከድልድዩ ማዶ የነበረው ጠጅ ቤት ሸክላ አይደለም?»

ትክክል ነበር። ልጅ ሆኖ በዚያ በር ቆሞ ይሰማ ነበር አሉ። ጠመንጃውን ካኪው ላይ አስደግፎ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ሲወጣ «ድምፁን ዝቅ አድርጉት» ብቻ አለ።

አሁን ወደ አባቴ ሸክላ ልምጣ።

እናቴ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ በሕመም። መልኳን ከፎቶ አውቀዋለሁ፤ ድምፅዋን አላውቀውም። ከእሷ ያየሁት ሳይሆን የሰማሁት አንድ ነገር ግን ነበረኝ። እኔ ዳዴ የምል ሕፃን ሳለሁ እሷና አባቴ አንድ ሸክላ ይሰማሉ። እናቴ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ልትመልሰው ክንዱን ስትይዝ እኔ ወደ ከሰል ምድጃው ስሳብ ታየኛለች። ዘለለች። እኔ ተረፍኩ፤ መርፌው ግን ሸክላው ላይ ተጎተተ። ከዚያ በኋላ ሸክላው ከሳክስፎኑ ቀጥሎ፣ ሁለተኛው ቁጥር ሲጀምር፣ አንድ ስንኝ ይዘል ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ስንኝ።

አባቴ ደብተር ሲያርም ያንን ዘፈን ያንጎራጉራል፤ ሲያንጎራጉርም ስንኙን ይዘለዋል። በአፉ «ጠቅ፣ ጠቅ» ይልና ያልፋል። እኔም ዘፈኑን የተማርኩት እንደዚያ ነው። ዘፈኑ ሲሠራም እንደዚያ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ስንኝ ጎድሎበታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሸክላው ራሱ ቤታችን አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ፣ የቤት አሰሳ በነበረበት ጊዜ፣ አባቴ ሸክላዎቹን በካርቶን አሽጎ እጃጂ ለሚኖር ዘመድ ላከ። ዘመዱ ፈርቶ ይሁን ተቸግሮ እንጃ፣ ካርቶኑን በትኖታል። አባቴ ሲጠይቅ «አንዳንዱ ቡና ቤት ገብቷል» የሚል መልስ ነው ያገኘው። ስለ ሌሎቹ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ቶሎሳ ወደ እጃጂ በሄደ ቁጥር ግን ስለዚያች ስለተጫረችው አደራ ይለው ነበር። ዘፋኙ ሁለት ትንንሽ ሸክላ ብቻ አሳትሞ የጠፋ የነቀምት ልጅ ነው፤ ጋሽ ሸምሱም አንዷን አግኝቶ ሁለተኛዋን መርካቶ ድረስ ሲፈልግ ዓመታት አሳልፏል። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ዘፈን ነበር። ለአባቴ ግን ዘፈኑ ብቻውን አይበቃውም፤ ጭረቱ ያለበትን ነው የሚፈልገው።

ኅዳር ውስጥ ኦቦ ቶሎሳ ከእጃጂ ተመልሶ ጆንያውን ጓዳው መሃል አራገፈ። ዘጠኝ ሸክላ። የተዘጋ ቡና ቤት ጓዳ ውስጥ ከጭስና ከጠጅ ጋር የኖሩ ናቸው፤ እጅ ላይ ይጣበቃሉ። ሕጋቸው በተራ አንድ አንድ ማንሳት ነው፤ የዚያን ዕለት መጀመሪያ የሚያነሳው ጋሽ ሸምሱ ነበር። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ተፍቆ የጠፋውን፣ ከሁሉ የቆሸሸውን አነሳ። ስም የሌለው ሸክላ ይወድ ነበር።

መርፌውን አሳረፈው። ኮሽታ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው የወጣው። ከውስጡ ግን አንድ ጊታር፣ ከዚያ የነቀምቱ ልጅ ድምፅ መጣ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«የእኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ሸክላው። የእኔ ነው ሸምሱ። እጃጂ የላክሁት።»

ክንዱ በቆሻሻው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብሎ አነሳው። ፊቱ ላይ ደስታም ድንጋጤም ነበር፤ ይህን ዘፈን ስንት ዓመት የፈለገ ሰው ነው።

«መምህር፣ እጃጂ ውስጥ ያንተ ብቻ ነው የነበረው? በየቡና ቤቱ የተሸጠ ዘፈን ነው።»

«የእኔ ጭረት አለው።»

«ይሄ ከጭረት በቀር ምን አለው?»

ኦቦ ቶሎሳ በመሃል ገባ። «እናንተ ሰዎች! ኮሽታ የምንጫወተው ለምንድን ነው? ቲቸር ጭረቱ የት እንዳለ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ያሽገው፣ ለእኔ ይስጠኝ። ሸክላውን እንስማ። ወረቀቱና ሸክላው ከተስማሙ የቲቸር ነው። ካልተስማሙ የሸምሱ ነው፤ ያነሳው እሱ ነው።»

ተስማሙ። አባቴም ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ ለኦቦ ቶሎሳ ሰጠው። ግን ሸክላው ሳይጸዳ አይሰማም። እዚህ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። ጋሽ ሸምሱ ደረቅ ፍላኔል ብቻ አለ። አባቴ የዝናብ ውሃና ትንሽ ሳሙና አለ። ኦቦ ቶሎሳ ቤንዚን አለ።

«ቤንዚን! ግሬደር ልታደርገው ነው?» አለ ጋሽ ሸምሱ።

በመጨረሻ፣ ያጸዳ ሰው ጭረት ጨመረ ወይም ቀነሰ እንዳይባል፣ እስከሚቀጥለው እሁድ ማንም እንዳይነካው ወሰኑ። ያኔ ኦቦ ቶሎሳ ከአዲስ አበባ አዲስ መርፌ ያመጣል፤ ሁሉም ባሉበት ይታጠባል። ሸክላው ማን ጋ ይቀመጥ ሲባል ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ጫልቱ ጋ ይሁን።»

«እኔ ቤት እኮ ነው የሚያድረው» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ። አንተ እንደማትነካው አውቃለሁ። እሷም እንደማትዋሽ አውቃለሁ። በቃ።»

ሸክላውን የአባቴ አትላስ ውስጥ፣ አፍሪካ የሚለው ገጽ ላይ አስገብቼ ይዤ ሄድኩ።

ሰኞ አላስቻለኝም። አባቴ ትምህርት ቤት ሳለ አውጥቼ በመስኮት ብርሃን አየሁት። ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ግን አውቃለሁ። ጭረቱ ከዳር ወደ መሃል፣ ግማሽ ላይ፣ መስመሮቹን አቋርጦ መሄድ አለበት። የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ክብ ሠራሁና ያየሁትን ጭረት ሁሉ በእርሳስ አሰፈርኩ። ሰባት ነበሩ። አራቱ ዳር ላይ፣ ሦስቱ መሃሉ ወረቀት አጠገብ። እናቴ ስትዘል መርፌው የተጎተተበት ቦታ ላይ የጠጅና የጥላሸት ድርብርብ እንጂ ጭረት አልታየኝም። ቆሻሻው ሥር ነው አልኩ። ሌላ ነገር ማሰብ አልፈለግኩም።

ማክሰኞ ጠርሙስ ይዤ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ወረድኩ። ወንዙ ዳር፣ ከድንጋይ ሥር ለብ ያለ ውሃ እየተንተከተከ ይወጣል፤ እኛ ሆራ እንለዋለን። እከክ የያዘው ልጅ የሚታጠበው በሱ ነው፤ ሆዱን የነፋው ይጠጣዋል፤ ከብት ሲደክም ይወሰዳል። አምቦ ያደገ ልጅ ይህ ውሃ የማያድነው ነገር አለ ብሎ አያስብም። እኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበረኝ። አረፋው ጣት የማይገባበት ይገባል።

ሸክላው ላይ ሳፈስሰው ፍሽሽ አለ። ነጫጭ አረፋ በየመስመሩ ተደረደረ፤ ቆሻሻው እየተላቀቀ ቡናማ ሆኖ ወረደ። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ ሞላሁ። ሸክላው እንደ አዲስ ጫማ አበራ። እርጥብ እንዳለ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጌ ጭረቱን ፈለግኩ። ሰባቱ ነበሩ። ስምንተኛ አልነበረም። ዞር አድርጌ ከሌላ በኩል አየሁ። አልነበረም። ዓይን ያላየውን መርፌ ያገኘዋል አልኩና ከጥላ ሥር፣ ሳር ላይ አስቀምጬ እንዲደርቅ ተውኩት። ፀሐይ ሸክላ እንደሚያጣምም አውቅ ነበር። የማላውቀው ሌላ ነገር ነበር። ሲደርቅ ስስ ዳመና የመሰለ ነጭ ነገር ታየበት፤ በቀሚሴ አሸሁት፣ አልለቀቀም። አትላሱ ውስጥ መለስኩት።

ከማክሰኞ እስከ እሁድ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ አትላሱን አልነካም። ትምህርት ለመስጠት ሲያስፈልገው ከጎረቤት መምህር ተዋሰ።

እሁድ ኦቦ ቶሎሳ መርፌውን በክብሪት ቀፎ ይዞ መጣ። ጋሽ ሸምሱ ሸክላውን ከአትላሱ አውጥቶ አየው፤ አየኝ።

«ጸድቷል?»

መልስ ሳልሰጥ ኦቦ ቶሎሳ «እስቲ እንስማው» አለና መርፌውን አሳረፈ። ጓዳው በጫጫታ ተሞላ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነበር፤ የነቀምቱ ልጅ ከበረዶው ወዲያ ቆሞ የሚጮህ ይመስላል። ክንዱ ይዘላል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይዘላል። የአባቴ ጭረት እዚያ ውስጥ ቢኖርም ማንም አይለየውም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በሆራ ውሃ አጠብኩት።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ከስድብ ይልቅ ያንን ነበር የምፈራው።

«ለምን?» አለኝ።

«የእማዬን ጭረት ልፈልግ።»

በዚህ መሃል ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች፤ ጫጫታውን ሰምታ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አነሳች፤ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሄ እኮ የማንቆርቆሪያዬ ቅርፊት ነው! ውሃው የሚተወው ነጭ። ለዚህ ነው ፊታችሁን ያጠቆራችሁት?»

«ይለቃል?» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ማንቆርቆሪያዬን በምን የማጸዳው ይመስልሃል፣ በጸሎት? ሎሚ አምጡ።»

ሎሚው ተጨመቀ። ከገንዳው የዝናብ ውሃ መጣ። እትዬ ዘይነባ በፍላኔል ቁራጭ እያረጠበች፣ መስመሩን ተከትላ ዙሪያውን አሸችው፤ ሦስቱ ወንዶች እንደ ሐኪም ረዳት አጎንብሰው ያያሉ። ነጩ ትንሽ አረፋ ደፍቆ ጠፋ። በዝናብ ውሃ አለቀለቀችው፤ አደረቀችው፤ ሰጠቻቸው።

አሁን ኮሽታው ጥቂት ነበር። ጊታሩ መጣ፤ የመጀመሪያው ቁጥር አለፈ። ሳክስፎኑ ጀመረ። እኔ ጣቃውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። አባቴ ጣቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠቅታዎቹን ይጠብቃል። ሳክስፎኑ አለቀ።

መርፌው አልዘለለም።

ሰምቼው የማላውቀው ስንኝ አለፈ፤ ምን እንዳለ አልያዝኩትም። ጋሽ ሸምሱ በፍጥነት ክንዱን አነሳው። ኦቦ ቶሎሳ ፖስታውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ቀደደ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «ከሳክስፎኑ በኋላ፣ ሁለተኛው ቁጥር መጀመሪያ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ ብሎ አንድ ስንኝ ይዘላል።»

«በቃ፣ ሎሚው ነው» አለ ጋሽ ሸምሱ። «ሎሚው ጭረቱን በልቶታል። የመምህር ነው፤ ይውሰድ።»

«ሎሚ ጭረት ይበላል እንዴ?» አለች እትዬ ዘይነባ።

«ዘይነባ፣ ሻይ።»

«ሻይው እዚህ ነው፤ ፊትህ ያለው።»

ኦቦ ቶሎሳ ወረቀቱን አጥፎ «እኔም ሎሚው ነው እላለሁ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ ፈረድኩ» አለ። ሁለቱም አባቴን አያዩም ነበር።

ሸክላው በእጃችን ገብቶ ነበር። የእኔ ዝም ማለት ብቻ ነው የጎደለው። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ጫልቱ፣ ከሎሚው በፊት አይተሽዋል?»

«ልጅቷን ተዋት» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ጠባቂዋ እሷ ናት። አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

ኦቦ ቶሎሳ ራሱን ነቀነቀና በቀስታ «ዹጋ ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። እውነቱን ተናገሪ ማለቱ ነው። ይህን ያለው እንዳልናገር እየፈለገ እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ሌላ ነገር ማለት አልቻለም።

የሒሳብ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጀርባውን ገለጥኩ። «ሳላጥበው ሰባት ጭረት ነበረው። ካጠብኩትም በኋላ፣ እርጥብ እያለ፣ ሰባት ነበር። እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም።»

አባቴ ክቡ ላይ ያሉትን ጭረቶች በጣቱ ቆጠራቸው። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

«የእኔ አይደለም ሸምሱ።»

«እንግዲያስ ስጦታ ነው።»

«ስጦታ ከሆነ ሌላ ሸክላ ነው የምትሰጠኝ። የእኔ የተጫረው ነው።»

«ግትር!»

«እንዳልከው።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅ ሳላሰማ። እናቴን በገዛ አፌ ሁለተኛ ጊዜ ያጣኋት መሰለኝ። አባቴ ግን ተነስቶ አልሄደም። እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ጣቱ አሁንም ጉልበቱ ላይ ነው።

«ሸምሱ፣ አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ቅድም ወዳነሳህበት ቦታ መልሰው።»

ጋሽ ሸምሱ ክንዱን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጎ አሳረፈው። ሳክስፎኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከዚያ የነቀምቱ ልጅ ያችን ስንኝ፣ እኛ ቤት ስንት ዓመት ዘለን ያለፍናትን፣ ጥርት አድርጎ ዘፈናት። ቁም ነገርም አልነበራት። የሚወዳትን ልጅ ሊጠይቅ የሄደው ሰው በሯ ላይ ቆሞ «ጫማዬ ጭቃ ነው፣ እደጅ ልቁምልሽ» ነው የሚለው።

ኦቦ ቶሎሳ ፈንድቶ ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ በእኔ መንገድ ነው የመጣው!»

አባቴ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ።

«እዚህ ጋ ነበር የምትስቀው» አለ። «እናትሽ። ይቺ ስንኝ በመጣች ቁጥር። እኔ… ረስቼው ነበር። ዘፈኑ ሲዘላት እኔም ረሳኋት።»

እትዬ ዘይነባ ትሪውን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። ጋሽ ሸምሱ ሳይጠየቅ ክንዱን ወደ ኋላ መለሰው፤ ጭቃማው ጫማ እንደገና በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ አራተኛ።

«እንዴት ነበር የምትስቀው?» አልኩት።

አባቴ ሁሉም እያዩት ትንሽ አፈረ። ከዚያ የቀኝ እጁን ጀርባ አፉ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ወደ ግራ ትከሻው ሰበር አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነና አሳየኝ።